ላፕቶፕ ከመግዛት በፊት ሥራውን ማወቅ

ማናቸውም መሣሪያ የሚመዘነው በሚሠራበት ሥራ ነው። በሬ ለእርሻ፥ በቅሎ ለመንገድ የተመደቡ እንስሳት ናቸው፤ ሁለቱም በየሙያቸው የከበሩ ሲሆኑ፥ በሬውን ኮርቻ ጭኖ ወደ ገበያ የሚወርድ፥ በቅሎዋንም በቀንበር ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አይገኝም። ይህን የመሰለው ግልጽ ነገር ግን ወደ ዘመናዊው መሣሪያ ሲደረስ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አያሌ ቤተሰቦች የዓመት ቁጠባቸውን ይዘው ወደ ሱቅ ሲገቡ የሚጠይቁት «የትኛው ይበልጣል?» ብለው ነው፤ «ለእኛ ሥራ የሚስማማው የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ላፕቶፕ ኮምፒዩተር አመራረጥ ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃውን ያህል ማስረዳት ነው። በየዓመቱ የፈተና ውጤት ከተነገረ በኋላ፥ ልጆች ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሸኙበት ጊዜ ሲቃረብ፥ ወላጆች ወደ እኛ ወደ መምህራን እየመጡ «ለልጃችን ምን ዓይነት እንግዛለት?» ሲሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው የቅንጦት ጥያቄ እንዳልሆነ ጊዜው ራሱ ይመሰክራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በኮምፒዩተር ይሰጣል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በዚሁ መሣሪያ ተሰጥቷል። ስለዚህ ጣቱ ኪቦርድ ያልለመደ ልጅ ትምህርቱን እያወቀ ከጓደኞቹ ሊዘገይ ይችላል።

በሌላ በኩል ደግሞ፥ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከውጭ አገር የሚገባ ዕቃ ዋጋው ንሯል። አንድ ላፕቶፕ ለብዙ ቤት የብዙ ወራት ደመወዝ ወይም የአንድ ሙሉ እቁብ ዕጣ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ በማይስማማ ዕቃ ላይ ከዋለ በዚያው ዓመት የሚተካበት መንገድ አይገኝም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ በችኮላ የተገዛ ላፕቶፕ በትምህርቱ እኩሌታ ላይ ባለቤቱን ጥሎት ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ የቀረበው ኦዝቦርን 1 የተባለው ተሸካሚ ኮምፒዩተር ክብደቱ 11 ኪሎ ግራም ያህል፥ የስክሪኑም ስፋት 5 ኢንች ብቻ ነበር። ባትሪ አብሮት ስላልተሠራ ከግድግዳ መሰኪያ ርቆ አያገለግልም ነበር። ዛሬ 1 ኪሎ ግራም ተኩል የማይሞላ ላፕቶፕ ያንን በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። ነገር ግን አንድ ሕግ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስካሁን አልተለወጠም፤ ይኸውም ቀላል፥ ብርቱና ርካሽ የሆነ ኮምፒዩተር ሦስቱን ባንድነት አሟልቶ አለመገኘቱ ነው። ገዢው ከሦስቱ የትኛውን እንደሚተው አስቀድሞ ካልወሰነ፥ ሻጩ ይወስንለታል።

የላፕቶፕ ብልቶችና ተግባራቸው

በላፕቶፕ ማስታወቂያ ላይ የሚደረደረው ቁጥር ለማያውቀው ሰው ምሥጢር ይመስላል። ሆኖም ነገሩን አንድ ጸሐፊ ተቀምጦ መጻሕፍት ከሚገለብጥበት ቤት ጋር ብናመሳስለው ይቀላል። በዚያ ቤት ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ጸሐፊው ራሱ፥ በፊቱ ያለው ጠረጴዛ፥ መጻሕፍቱም የሚቀመጡበት ሣጥን ናቸው። በላፕቶፑ ውስጥ ጸሐፊው ፕሮሰሰር፥ ጠረጴዛው ራም፥ ሣጥኑም ዲስክ ይባላል።

ፕሮሰሰር ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው። በገበያ ላይ የሚታወቁት የኢንቴል፥ የኤኤምዲና የአፕል ፕሮሰሰሮች ናቸው። ኢንቴል ለብዙ ዓመታት ኮር አይ3፥ አይ5፥ አይ7 እያለ ሲሰይም፥ ኤኤምዲ ደግሞ ራይዘን 3፥ 5፥ 7 ይላል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ «አይ7 ነው» ሲባል ወዲያው የሚበልጥ ይመስለዋል። የሚበልጠውን የሚገልጸው ግን ትውልዱ ጭምር ነው። ትውልዱ የሚታወቀው ከስሙ በኋላ በሚጻፈው ቁጥር መጀመሪያ ነው፤ አይ5-8250 ቢል 8ኛ ትውልድ፥ አይ5-1235 ቢል 12ኛ ትውልድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ የገባው አይ7-4600 በውስጡ ሁለት ኮር ብቻ ነበረው፤ በ2017 የወጣው አይ5-8250 ግን አራት ኮር አለው። ኮር ማለት እንደ አንድ ጸሐፊ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል ነው። አራት ጸሐፊዎች ከሁለት እንደሚሻሉ፥ በዚህም «ታናሹ» አይ5 «ታላቁን» አይ7 ይበልጠዋል።

ራም በሥራ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ተዘርግቶ የሚቆይበት ቦታ ነው። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ ጸሐፊው ምንም ፈጣን ቢሆን አንዱን መጽሐፍ ሣይመልስ ሌላውን መዘርጋት አይችልም፤ ቀኑን ሙሉ ወደ ሣጥኑ ሲመላለስ ይውላል። ራሙ ያነሰ ላፕቶፕ ሦስት ነገር ባንድነት ሲከፈትበት የሚንቀራፈፈው ስለዚህ ነው። በአሁኑ ጊዜ 4 ጊጋባይት ራም ለዕለት ሥራ አይበቃም፤ 8 ጊጋባይት ለተራ ሥራ የሚሆን ዝቅተኛ ልክ ነው፤ 16 ጊጋባይት ለረጅም ዓመታት ያገለግላል። በአንዳንድ ላፕቶፕ ራሙ ከዋናው ቦርድ ጋር ስለሚበየድ ኋላ ሊጨመርበት አይቻልም። ስለዚህ «ኋላ ይጨመርበታል» ሲባል፥ መጨመሪያ ቦታ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

ዲስክ ጽሑፉ፥ ፎቶግራፉና ፕሮግራሙ ሁሉ የሚቀመጥበት ነው። የቀድሞው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ያህል የሚሽከረከር ሰሌዳ ስላለው፥ ዘገምተኛ ከመሆኑም በላይ ቢወድቅ ይጎዳል። አዲሱ ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ክፍል ስለሌለው ፈጣንና ጠንካራ ነው። ያረጀ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ ኤስኤስዲ ሲገባለት፥ ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲነሣ ይታያል። ከዚህ የተነሣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው፥ 1,000 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ካለው ለብዙ ሰው የተሻለ ነው። እጅግ በረከሱት አዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ ኢኤምኤምሲ የሚባል ማስቀመጫ ይገኛል፤ እርሱ ከኤስኤስዲ የሚዘገይ ሲሆን፥ መጠኑም 64 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ አብዛኛውን ይይዘዋል።

ከእነዚህ ከሦስቱ በኋላ የሚታየው ስክሪኑ ነው። ስፋቱ ከጥግ እስከ ጥግ በኢንች ይለካል። 14 ኢንች ለሚንቀሳቀስ ተማሪ፥ 15.6 ኢንች በአንድ ቦታ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ይስማማል። ከስፋቱ ይልቅ ግን የምስሉን ጥራት መመልከት ያስፈልጋል፤ 1920 በ1080 የሚል ጽሑፍ ያለው፥ 1366 በ768 ከሚለው ይልቅ ፊደሉን አጥርቶ ያሳያል። ሌሊት ሌሊት ለሚያነብ ልጅ ይህ የዓይን ጉዳይ ነው።

ለየሰዉ የሚስማማው

አንደኛ፤ ጽሑፍ ለሚጽፍ፥ ለሚያነብና ኢንተርኔት ለሚመለከት ተማሪ ወይም የቢሮ ሠራተኛ፥ 8 ጊጋባይት ራም፥ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፥ ከ8ኛ ትውልድ ያላነሰ አይ3 ወይም አይ5፥ ወይም ይህን የሚመጥን ራይዘን ይበቃዋል። የሕግ፥ የቋንቋ፥ የታሪክና የማኅበራዊ ጥናት ተማሪዎች በዚህ ክፍል ውስጥ ናቸው። ለእነርሱ ከፍ ያለ ዋጋ መክፈል ገንዘብን ማባከን ነው።

ሁለተኛ፤ የሒሳብ መዝገብ ለሚሠሩት ከኀይሉ ይልቅ የሲስተሙ ዓይነት ይበልጣል። በአገራችን የሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀው ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው። ስለዚህ የአካውንቲንግ ተማሪ ዘመድ ከአሜሪካ የላከለትን የአፕል ማክቡክ ይዞ ቢገባ፥ መሣሪያው ምንም ያማረ ቢሆን ለሙያው አይመቸውም።

ሦስተኛ፤ የሥነ ሕንፃና የምህንድስና ተማሪዎች፥ እንዲሁም የተንቀሳቃሽ ምስል ቅንብር የሚሠሩ ሰዎች ብርቱ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። ሬቪትና ሶሊድወርክስ የተባሉት የንድፍ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በዊንዶውስ ብቻ ነው። ለነዚህ ከ16 ጊጋባይት ያላነሰ ራም፥ 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲና ራሱን የቻለ የግራፊክስ ካርድ መፈለግ ይገባል። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ክብደቱ ይጨምራል፥ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል፤ ይህ ግን ሥራው የሚጠይቀው ዋጋ ነው።

በዚህ ረገድ የምናውቀው አንድ ጉዳይ ለብዙዎች ትምህርት ይሆናል። አንዲት በጉልት ንግድ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናት፥ ሴት ልጃቸው የሥነ ሕንፃ ትምህርት ሲደርሳት፥ የደረሳቸውን እቁብ አንሥተው አዲስ ላፕቶፕ ገዙላት። ሻጩ ያሳያቸው ቀጭንነቱን፥ የቀለሙን ማማርና ካርቶኑ ያልተከፈተ መሆኑን ነበር። በውስጡ ግን ሴለሮን የተባለው ደካማ ፕሮሰሰር፥ የተበየደ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ ነበረው። በመጀመሪያው ዓመት ጽሑፍ ብቻ ስለነበረ ችግሩ አልታወቀም። የንድፍ ትምህርት ሲጀመር ግን ፕሮግራሙ አልከፈትም አለ። ልጅቱ በዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ክፍል ወረፋ እየጠበቀች፥ የቤት ሥራዋንም በሌሊት እየጨረሰች አንድ ሙሉ መንፈቅ አሳለፈች። ላፕቶፑ ከተገዛበት ከግማሽ ባነሰ ዋጋ ተሸጠ፤ እናትዮዋም በሚቀጥለው ዓመት ሌላ እቁብ ገብተው፥ ያገለገለ ነገር ግን 16 ጊጋባይት ራም ያለው የቢሮ ላፕቶፕ ገዙላት። ያን ጊዜ «አይቼ ገዛሁ እንጂ ጠይቄ አልገዛሁም» ሲሉ ሰምተናቸዋል። ያ ገንዘብ ያለ ሥራ ባይወጣ ኖሮ የታናሽ ወንድሟን የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፍን ነበር።

አራተኛ፤ ላፕቶፕ የማያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። በውጭ አገር ካሉ ልጆቻቸው ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ለመነጋገር ብቻ ለሚሹ አረጋውያን ወላጆች፥ ጥሩ ስልክ ወይም ታብሌት ይበቃቸዋል፤ ለአያያዝም ይቀላቸዋል። ገና ፊደል ለሚቆጥሩ ሕፃናትም የራሳቸው ላፕቶፕ አያስፈልጋቸውም። በአንድ ቤት ውስጥ ያለ አንድ መሣሪያ፥ ለየሰዉ የይለፍ ቃልና መዝገብ ተለይቶለት፥ በሳሎን ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ለብዙዎች ያገለግላል፤ ልጆቹም የሚመለከቱት ነገር ከወላጅ ዓይን አይሰወርም።

ክሮምቡክ የተባለው የጉግል ላፕቶፕ ርካሽና ቀላል ነው። ነገር ግን የተሠራው በአብዛኛው በኢንተርኔት ላይ እንዲሠራ ነው፤ ፒችትሪንና ሬቪትን የመሰሉትንም የዊንዶውስ ፕሮግራሞች አይቀበልም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚኖር ተማሪ ብቸኛ መሣሪያው እንዲሆን አንመክርም።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

በገንዘቡ ልክ ለሚገዛ ሰው፥ በጥንቃቄ የተመረጠ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ፥ ከተናቀ አዲስ ላፕቶፕ ይልቅ ይሻላል። የሌኖቮ ቲንክፓድ፥ የዴል ላቲቲዩድና የኤችፒ ኤሊትቡክ የተባሉት ለመሥሪያ ቤቶች ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ፥ አካላቸው ጠንካራ፥ ኪቦርዳቸውም ለጣት የተመቸ ነው። መለዋወጫቸው በቀላሉ ይገኛል፤ በብዙዎቹም ዲስኩን፥ በአንዳንዶቹም ራሙን መለወጥ ይቻላል። በውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ ስለሚተኳቸው፥ በመርካቶና በሌሎች ገበያዎች «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባሉ ይሸጣሉ።

ያገለገለ ሲገዛ ከሁሉ በፊት ዕድሜውን መጠየቅ ይገባል። የዚህም ምክንያት ግልጽ ነው። ዊንዶውስ 10 የተባለው ሲስተም መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ድጋፍ የሌለው ሲስተም ወንበዴዎች የሚገቡበት ቀዳዳ ሲገኝበት የሚደፍንለት የለም። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለውን ፕሮሰሰር አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍልም ይጠይቃል። ስለዚህ 6ኛ ወይም 7ኛ ትውልድ ላፕቶፕ በርካሽ ሲቀርብ፥ ርካሽነቱ ከዚህ የመጣ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው በእጅ ካለ ግን መጣል የለበትም፤ ኡቡንቱን የመሰለ ሊኑክስ በነጻ ቢጫንበት ለጽሑፍና ለንባብ ለብዙ ጊዜ ያገለግላል።

ደላላው ሲያቻኩል ገዢው ሊረጋጋ ይገባዋል። ከመክፈሉ በፊት የሚከተለውን ይመርምር።

1ኛ፤ ላፕቶፑ ጠፍቶ ሳለ እንዲነሣ ይጠይቅ። አስቀድሞ ተከፍቶ የሚጠብቅ ላፕቶፕ የመነሣት ችግሩን ይሸሽጋል።

2ኛ፤ የፕሮሰሰሩንና የራሙን መጠን በሻጩ ቃል ሳይሆን በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ያንብብ። በላዩ የተለጠፈው ምልክት ከሌላ ላፕቶፕ ተነቅሎ የመጣ ሊሆን ይችላል።

3ኛ፤ የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ይጫን፤ ካሜራውን፥ ድምፁን፥ ዋይፋዩንና የፍላሽ መሰኪያዎቹን ሁሉ ይሞክር።

4ኛ፤ ስክሪኑን በነጭና በጥቁር ገጽ እየለወጠ ይመልከት፤ ነጠብጣብና ጥላ ካለ ያን ጊዜ ይታያል። ማጠፊያውንም ከፍቶ ይዝጋ፤ የላላ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ይተወው።

5ኛ፤ ቻርጀሩን ነቅሎ ሃያ ደቂቃ ያህል ያሠራው። ዊንዶውስ ስለ ባትሪው ዘገባ ያወጣል፤ በዘገባው ላይ አዲስ ሳለ 50 ዋት-ሰዓት ይይዝ የነበረው ዛሬ 25 ብቻ ቢይዝ፥ ግማሹ ዕድሜ አልቋል ማለት ነው። ይህ ላለመግዛት ሳይሆን ዋጋ ለማስቀነስ በቂ ምክንያት ነው፤ የአዲስ ባትሪ ዋጋም ከስሌቱ ይግባ።

6ኛ፤ መቆለፊያ እንዳለበት ያረጋግጥ። አንዳንዱ የቢሮ ላፕቶፕ ከድርጅቱ መዝገብ ሳይሰረዝ ይሸጣል፤ ሲስተሙ እንደ አዲስ ሲጫን የድርጅቱን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ማክቡክም የቀድሞ ባለቤቱ አካውንቱን ካላወጣ በቀር ዳግመኛ ሲጫን ይቆለፋል። የተቆለፈ ላፕቶፕ የተሰረቀም ሊሆን ይችላልና፥ ዋጋው ምንም ቢረክስ አይገዛ።

7ኛ፤ የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝና የዋስትናው ጊዜ በጽሑፍ ይሰጠው። ያለ ደረሰኝ የተሰጠ የቃል ዋስትና ለክርክር አይቆምም።

ይህን ምርመራ የማይፈቅድ ሻጭ ቢገኝ፥ መልሱ ራሱ እምቢታው ነው።

ከውጭ አገር ለሚልኩ ዘመዶች

በአሜሪካ፥ በአውሮፓ፥ በእስራኤልና በዓረብ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ለወንድምና ለእኅት ልጅ ላፕቶፕ መላካቸው የተለመደ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ከመግዛታቸው በፊት ተማሪውን «የምትማረው ምንድን ነው? ትምህርት ክፍልህስ የትኛውን ፕሮግራም ይጠይቃል?» ብለው ቢጠይቁት ልግስናቸው ፍሬ ያፈራል።

ከዚህም ሌላ ኪቦርዱን መመልከት ያስፈልጋል። በጀርመንና በፈረንሳይ የሚሸጠው የፊደሉ አቀማመጥ ከእንግሊዝኛው ይለያል፤ በዓረብ አገርና በእስራኤል ያለው ደግሞ የዓረብኛና የዕብራይስጥ ፊደል ታትሞበታል። የእንግሊዝኛ አቀማመጥ ያለውን መምረጥ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ነገርም አለ፤ አሜሪካ የሚጠቀመው 120 ቮልት ሲሆን፥ በአገራችን 220 ቮልት ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር በአብዛኛው «100–240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ስላለበት ትራንስፎርመር አይፈልግም፤ የመሰኪያውን ቅርጽ የሚያስማማ ትንሽ ዕቃ ብቻ ይበቃዋል። በዱባይ የሚሸጠው ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው መሰኪያ በአገራችን ክብ ቀዳዳ ስለማይገባ ይህ መታሰብ አለበት። በአውሮፕላን ሲጓዝ ላፕቶፑ በእጅ ሻንጣ ቢያዝ ይሻላል፤ ትርፍ ባትሪ ግን በጭነት ሻንጣ መግባቱ ክልክል ነው።

ስለ አማርኛ ጽሑፍ

ብዙዎች «አማርኛ የሚጽፍ ላፕቶፕ» ብለው ይጠይቃሉ። እንዲህ ያለ ልዩ ላፕቶፕ አያስፈልግም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ከዓለም ፊደላት ጋር ተመዝግቧል፤ ዊንዶውስም የአማርኛ መጻፊያ በውስጡ ስላለው ከሴቲንግ ገብቶ መጨመር ብቻ ይበቃል። አጻጻፉ የላቲኑን ድምፅ ተከትሎ ስለሆነ በቁልፎቹ ላይ የግዕዝ ፊደል መታተም የለበትም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ከድሮ ጽሑፍ ጋር ነው። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በተሠሩ ፊደላት የተጻፈ ሰነድ፥ ያ ፊደል በሌለበት ላፕቶፕ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል። የዕድር መዝገብ፥ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ወይም ያልታተመ የመጽሐፍ ረቂቅ በዚያ ዓይነት ያለው ሰው፥ አሮጌውን ኮምፒዩተር ከመሸጡ በፊት ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ይለውጥ፤ ወይም በፒዲኤፍ አውጥቶ ያስቀምጥ።

ከተገዛ በኋላ

ላፕቶፕ ሙቀትን፥ አቧራንና የሚዋዥቅ መብራትን ይፈራል። በአልጋ ልብስና በትራስ ላይ ሲሠራበት የአየር መተንፈሻው ይደፈንና ይግላል፤ ስለዚህ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቱ ድንገት ሊጨምር ስለሚችል፥ መብራት በጠፋ ጊዜ ቻርጀሩን ነቅሎ ጥቂት ቆይቶ መሰካት ወይም መከላከያ ያለው ማከፋፈያ መጠቀም ይጠቅማል። ቻርጀሩ ቢበላሽ፥ ቮልቱ ከቀድሞው ጋር አንድ ያልሆነ ምትክ አይሰካ።

ከሁሉ የሚከብረው ግን በውስጡ ያለው ሥራ ነው። ዕቃው ቢሰረቅ በገንዘብ ይተካል፤ የአራት ዓመት ማስታወሻ፥ ተጽፎ ያለቀ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የቤተሰብ ፎቶግራፍ ግን አይተካም። ስለዚህ አስፈላጊው ሁሉ ከላፕቶፑ ሌላ በሁለተኛ ቦታ፥ በውጭ ዲስክ ወይም በኢንተርኔት ማስቀመጫ፥ በየሳምንቱ ይገልበጥ። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽ ቫይረስ ያስተላልፋልና ሳይመረመር አይከፈት።

የተወደዳችሁ አንባቢዎች፤ ላፕቶፕ ለመግዛት ስታስቡ ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀመጡ። በወረቀት ላይ የሚሠራበትን ሥራ፥ ሥራው የሚጠይቀውን ፕሮግራም፥ ልታወጡ የምትችሉትን ከፍተኛ ገንዘብ ጻፉ። ትምህርት ክፍሉን የሚያውቅ ታላቅ ተማሪ ቢገኝ ወረቀቱን አሳዩት። ከዚያ በኋላ ወደ ሱቅ ስትገቡ፥ የሻጩን ቃልና የዕቃውን ማማር የምትመዝኑበት ሚዛን በእጃችሁ ይሆናል። በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ሲቀርብላችሁ «ደግ ዕቃ ነው፤ ለእኛ ግን አይደለም» ብላችሁ ለመመለስ አትፈሩ። የቤታችሁ ገንዘብ የብዙ ድካም ፍሬ ነውና፥ ለልጁ ትምህርት በሚጠቅመው ላይ ይዋል።